«ፋንታሲ ኤንድ ሳይንስ ፊክሽን»፦ ስለ አንዲት መጽሔትና ስለ ትንሹ አሳታሚዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ መጽሔት እሰበስባለሁ። እሰበስባለሁ ስል ሙዚየም የሚያህል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ካርቶን ነው። ከሁለቱ ካርቶን ግማሹን የያዘችው አንዲት የአሜሪካ መጽሔት ናት። ሙሉ ስሟ «ዘ ማጋዚን ኦፍ ፋንታሲ ኤንድ ሳይንስ ፊክሽን» ነው። ስሙ ስለሚረዝም ከዚህ በኋላ «መጽሔቷ» እላታለሁ። ቤቴ የመጣ ሰው ካርቶኑን እያገላበጠ የሚጠይቀኝ ያው ተመሳሳይ ነገር ስለሆነ መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማን ጀመራት?

ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ሐሳብ ነበራቸው፣ አንዱ ገንዘብ።

ባለ ሐሳቦቹ አንተኒ ባውቸር እና ጄ. ፍራንሲስ ማኮማስ ይባላሉ። ባውቸር በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ይኖር ነበር። የወንጀል ልብወለድ ይጽፋል፣ የሌሎችን መጽሐፍ ይሄሳል፣ ስለ ኦፔራ በሬዲዮ ያወራል፣ ከስፓኒሽ ይተረጉማል። የአርጀንቲናውን ቦርኸስን ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ ያስነበበው እሱ ነው፣ በ1948። ማኮማስ ደግሞ በ1946 ከአንድ ባልደረባው ጋር ትልቅ የሳይንስ ልብወለድ መድብል አዘጋጅቷል። ሁለቱም አንድ ነገር ያንገበግባቸው ነበር። የሳይንስ ልብወለድና ፋንታሲ (የአስማትና የተረት ዓለም ልብወለድ) የሚያትሙት መጽሔቶች በአብዛኛው በርካሽ ወረቀት የሚታተሙ፣ ሽፋናቸው ላይ የምትጮህ ሴትና ባለ ብዙ ዓይን ጭራቅ የማይጠፋባቸው ነበሩ። «ትልቅ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ሳያፍር የሚያነበው ለምን አይኖርም?» ነው ነገሩ።

ባለ ገንዘቡ ሎውረንስ ስፒቫክ ነው። ይሄን ስም የአሜሪካ ቴሌቪዥን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። «ሚት ዘ ፕሬስ» የተባለውን የፖለቲካ ቃለ መጠይቅ ፕሮግራም ከጀመሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው፤ ፖለቲከኞችን እያፋጠጠ እስከ 1975 ቆይቷል። ከዚያ በፊት ግን ሥራው መጽሔት ማሳተም ነበር። በ1941 «ኤለሪ ኩዊንስ ሚስትሪ ማጋዚን» የተባለች የወንጀል ልብወለድ መጽሔት ጀምሮ ተሳክቶለታል። የእነ ባውቸር ሐሳብ በአጭሩ «የሷን እህት እንውለድላት» የሚል ነበር።

ሐሳቡ የቀረበለት በ1946 ነው። ስፒቫክ ግን የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ዛሬ ነገ ሲል ሦስት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ጥቅምት 6 ቀን 1949 ኒውዮርክ ላይ የምሳ ግብዣ ተደግሶ መጽሔቷ ተመረቀች። ቀኑ የተመረጠው በብልጠት ነው፤ የአስፈሪ ታሪኮች ጸሐፊው ኤድጋር አለን ፖ የሞተበት መቶኛ ዓመት የሚሞላው በማግስቱ ነበር። ከተጋባዦቹ መካከል የፍራንከንስታይንን ጭራቅ በፊልም የሠራው ቦሪስ ካርሎፍ እና ሼርሎክ ሆምስን ሆኖ የሚታወቀው ባሲል ራትቦን ነበሩበት። ለትንሽ መጽሔት ቀላል ድግስ አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ስሟ ውስጥ «ሳይንስ» አልነበረም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የመጀመሪያው ዕትም ሽፋን ላይ የተጻፈው «ዘ ማጋዚን ኦፍ ፋንታሲ» ብቻ ነው። ዋጋው 35 ሳንቲም። 57,000 ኮፒ ተሸጠ። ስፒቫክ ቁጥሩን አየና «ቀጥሉ» አለ። «ሳይንስ ፊክሽን» የሚለው የተጨመረው ከሁለተኛው ዕትም ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው ዕትም ውስጥም የሳይንስ ልብወለድ ነበረ፤ ስሙ ነው ዘግይቶ የደረሰው።

አወጣጧም ቀስ በቀስ ነው ያደገው። በየሦስት ወሩ ነበረች፣ በ1951 በየሁለት ወሩ ሆነች፣ ከነሐሴ 1952 ጀምሮ በየወሩ።

ከሌሎቹ በምን ትለያለች?

አንዷን ላሳያችሁ። እጄ ላይ ያለችው የ1970ዎቹ ናት። መጠኗ የቀድሞ ተማሪ ደብተር ያህል፣ ኮት ኪስ ውስጥ ተጣጥፋ የምትገባ። ወረቀቱ ሻይ እንደፈሰሰበት ቡኒ ሆኗል። ጠርዙን ስነካው ይፈረፈራል። ስገልጣት መጀመሪያ የምታዘበው ጽሑፉ በሁለት ዓምድ ያልተከፈለ መሆኑን ነው። እንደ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። ሥዕል ፈልጋችሁ ብትገለብጡ የለም። ሽፋኑ ላይ ካልሆነ በስተቀር ታሪኮቹ በሥዕል አልተደገፉም። በመሃል አንድ ገጽ ላይ የጋሃን ዊልሰን ካርቱን አለ፣ ያ የሚያስቅም የሚያስፈራም ዓይነት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ደቃቅ ማስታወቂያዎች ተደርድረዋል፤ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ፣ የሚገዛ፣ ሌላም ሌላም።

ይሄ ሁሉ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ነጠላ ዓምድና ሥዕል አልባ ገጽ «እኔ ሥነ ጽሑፍ ነኝ» የሚል መልእክት አለው። በዚያ ላይ ለሠዓሊ የሚከፈል ገንዘብ ይቀንሳል። የትንሽ አሳታሚ ብልሃት እንዲህ ነው፤ ቁጠባውን ክብር አስመስሎ ያሳያችኋል። እውነትም ደግሞ ክብር ሆነላት።

ባውቸርና ማኮማስ ጥሩ አረፍተ ነገር የሚጽፍ ሰው ይፈልጉ ነበር። ስለ ሮኬት አሠራር ባያውቅም ግድ አልነበራቸውም። ስለዚህ በሌሎቹ መጽሔቶች በር ያላለፉ ሰዎች እዚህ ገቡ። ከነሱ አንዷ ዜና ሄንደርሰን ናት፣ የአሪዞና የትምህርት ቤት መምህርት። ከሌላ ዓለም መጥተው በገጠር ተደብቀው ስለሚኖሩ ደግ ሰዎች የጻፈቻቸው ታሪኮች ከ1952 ጀምሮ ለዓመታት እዚህ ወጥተዋል። ጦርነት የለም፣ የጨረር ጠመንጃ የለም። በዚያ ዘመን ይሄ ደፋር ምርጫ ነበር።

ፊሊፕ ኬ. ዲክ እዚህ ነው የጀመረው ይባላል። እንዴት?

ይሄን ታሪክ ሁልጊዜ ደስ ብሎኝ ነው የምናገረው። ዲክ ያኔ በርክሌይ ውስጥ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ሱቅ ተቀጣሪ የሆነ ወጣት ነበር። ባውቸር ደግሞ ሸክላ ሊገዛ የሚመጣ ደንበኛ። ባውቸር ቤቱ ውስጥ የአጻጻፍ ትምህርት ይሰጥ ስለነበር ልጁም እዚያ ገባ። በ1951 ባውቸር አንዲት አጭር ልብወለድ ገዛው፤ ዲክ በሕይወቱ የሸጣት የመጀመሪያ ሥራ ናት። ታሪኩ ስለ አንድ ውሻ ነው። ውሻው ቆሻሻ ሊወስዱ የሚመጡትን ሰዎች ሲያይ ይጮሃል። ባለቤቶቹ ይበሳጩበታል። ውሻው ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው፤ ጌቶቹ በጥንቃቄ ያከማቹትን ምግብ የሚዘርፉ ባዕድ ፍጡራን።

ይቺ ታሪክ የታተመችው በየካቲት 1953 ነው። እስከዚያ ሌሎች መጽሔቶች ሌሎች ሥራዎቹን ቀድመው ስላወጡ «መጀመሪያ የታተመው» ሌላ ነው። «መጀመሪያ የተሸጠው» ግን ይሄው ነው። ሰዎች ሁለቱን ስለሚያምታቱ ነው ለይቼ የጻፍኩት። «ቶታል ሪኮል» የተባለው ፊልም መነሻ የሆነው አጭር ልብወለዱም በሚያዝያ 1966 የወጣው እዚሁ መጽሔት ላይ ነው።

«ትንሽ አሳታሚ» ስትል ምን ያህል ትንሽ?

መጀመሪያ ላይ ያን ያህል ትንሽ አልነበረም። የስፒቫክ ድርጅት፣ ሜርኩሪ ፕሬስ፣ ሌሎች መጽሔቶችና ርካሽ የኪስ መጻሕፍት ነበሩት። ስፒቫክ ግን በ1954 ለቀቀ፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ድርጅቱን የገዛው አብሮት ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ፈርማን ነው። ሜርኩሪ ፕሬስ የቤተሰብ ሥራ የሆነው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት ማኮማስ በጤና ምክንያት አዘጋጅነቱን ተወ። ባውቸር ብቻውን እስከ 1958 ቀጠለ።

ፈርማን በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤለሪ ኩዊንን ሸጣት። ከዚያ በኋላ ቤቱ እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ አንዲት መጽሔትና አንድ ቤተሰብ ሆነ። «ቬንቸር» የተባለች ታናሽ እህት ሁለት ጊዜ ሞክረው ነበር፣ በ1957 እና በ1969። ሁለቱም ጊዜ ብዙ አልቆየችም።

እውነት ከመኖሪያ ቤት ነበር የምትዘጋጀው?

አዎ! ሰው የማያምነኝ እዚህ ላይ ነው። የጆሴፍ ልጅ ኤድዋርድ ፈርማን ከጥር 1966 ዕትም ጀምሮ አዘጋጅ ሆነ። በኋላ ሥራውን ከኒውዮርክ አንስቶ ኮርንዎል ወደምትባል የኮኔቲከት ገጠር ከተማ ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ መጽሔቷ የኖረችው ቤቱ ውስጥ ነው። የዓለም ጸሐፊ የእጅ ጽሑፉን የሚልከው ወደ አንድ የገጠር ፖስታ ሳጥን ነበር። የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ብታዩ ጥቂት ሰው ነው፤ ባለቤቱ ኦድሪ ፈርማንም አለችበት።

እስቲ አስቡት። ከጠዋት ጀምሮ ፖስታ ይመጣል። በፖስታው ውስጥ የማታውቀው ሰው የጻፈው ሃያ ገጽ አለ። ታነባለህ። አብዛኛው ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የደንበኞች ሒሳብ፣ የአድራሻ ለውጥ፣ ከማተሚያ ቤት ጋር ንትርክ። ይሄ ሰው እንዲህ እያደረገ 25 ዓመት አዘጋጀ። አሳታሚነቱን ደግሞ ከዚያም በኋላ ይዞት ቆየ።

በነገራችን ላይ በርቀት መሥራት አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ይሄን ታሪክ ያንብብ። ባውቸርና ማኮማስ በካሊፎርኒያ ሆነው ቢሮው ኒውዮርክ ነበር። ከ1962 እስከ 1964 አዘጋጅ የነበረው አቭራም ዴቪድሰን ደግሞ መሃል ላይ ጓዙን ጠቅልሎ ሜክሲኮ ገባ። ከዚያ ሆኖ ሊያዘጋጅ ነው እንግዲህ፣ ያውም በፖስታ። የፖስታውን ነገር ገምቱት። ከ1991 እስከ 1997 ያዘጋጀችው ክሪስቲን ካትሪን ረሽም ከኦሪገን ሆና ነው፤ አሳታሚዋ ያለው አገሩ ጫፍ ኮኔቲከት ነበር።

የትኞቹ ታዋቂ ሥራዎች ወጥተውባታል?

ብዙ ናቸው። ሁሉን ብዘረዝር የስልክ ማውጫ ይሆናል። አንዱን ግን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ዳንኤል ኪስ «ፍላወርስ ፎር አልጀርነን» የተባለውን አጭር ልብወለድ ጻፈ። ቻርሊ የሚባል የአእምሮ ዕድገቱ ዝግ ያለ ሰው ቀዶ ሕክምና ይደረግለትና ብልህ ይሆናል። ታሪኩን የምናነበው ራሱ በሚጽፈው ማስታወሻ ነው። መጀመሪያ ላይ ፊደሉ ሁሉ የተሳሳተ ነው። ቀስ እያለ ይስተካከላል። ቃላቱ ይረቅቃሉ። ከዚያ፣ ያላነበበ ካለ ይቅርታ፣ ስህተቶቹ አንድ በአንድ ተመልሰው ይመጣሉ። አንባቢው ከቻርሊ በፊት ያውቃል። ልብ የሚሰብረው እሱ ነው።

ኪስ ሥራውን መጀመሪያ ያሳየው ለሌላ ትልቅ መጽሔት አዘጋጅ ነበር። አዘጋጁ ወደደው፣ ግን አንድ ነገር ጠየቀ፤ መጨረሻው አስደሳች ይሁን። ቻርሊ ብልህ እንደሆነ ይቅር፣ ያፈቀራትን ያግባ፣ በሰላም ይኑር። ኪስ እምቢ አለ። ወጣት ጸሐፊ ገንዘብ ፊቱ ተቀምጦ እምቢ ሲል ቀላል አይደለም። የኛ መጽሔት አዘጋጅ ያኔ ሮበርት ሚልስ ነበር። እንዳለ ተቀበለውና በሚያዝያ 1959 አወጣው። በቀጣዩ ዓመት የሁጎ ሽልማት አገኘ፤ የሳይንስ ልብወለድና የፋንታሲ ዋና ሽልማት ነው። በኋላ ወደ ረጅም ልብወለድ አድጎ በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ይነበባል።

ሌሎቹን በችኮላ፦ የዋልተር ሚለር የገዳም ታሪክ፣ ማለትም ከኑክሌር ጦርነት በኋላ መነኮሳት ዕውቀትን ስለሚጠብቁበት ዓለም የሚተርከው፣ ከ1955 ጀምሮ በሦስት ክፍል ወጣ። የገዳም ነገር ስለሚገባን ይመስለኛል ለወዳጆቼ ሳወራው ሁሉም በጣም ይወዱታል። የሮበርት ሃይንላይን የጠፈር ወታደሮች ልብወለድም በ1959 መጨረሻ በሁለት ዕትም ተከፍሎ እዚህ ወጥቷል። ስቲቨን ኪንግ «ዘ ዳርክ ታወር» ብሎ ዛሬ ድረስ የሚታወቅበትን ተከታታይ የጀመረው በጥቅምት 1978 ዕትም ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ አምስት ክፍሎች እስከ 1981 እዚሁ ወጥተው አለቁ።

አይዛክ አሲሞቭ የመጽሔቷ ባለቤት ነበር?

አይደለም። ይሄን ጥያቄ የሚያመጣው በአሲሞቭ ስም የምትጠራ ሌላ መጽሔት መኖሯ ነው። እዚህ እሱ አምደኛ ነበር። በየወሩ ስለ እውነተኛው ሳይንስ አንድ መጣጥፍ ይጽፋል። አንዴ ስለ ኮከብ፣ አንዴ ስለ ኬሚስትሪ፣ አንዴ ስለ ቁጥር። ከኅዳር 1958 እስከ የካቲት 1992፣ 399 መጣጥፍ! 33 ዓመት አንድም ወር ሳይዘል። በየወሩ እየወጣ 400ኛውን ሳይጽፍ ታመመ። በሚያዝያ 1992 አረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለቤቱ ጃኔት ከጽሑፎቹና ከደብዳቤዎቹ አሰባስባ 400ኛውን ሞላችለት።

እውነቱን ለመናገር ልብወለዶቹን ዘልዬ መጀመሪያ የማነበው ይሄን አምድ ነው። ሰው በሻይ ሰዓት እንደሚያወራው ነው የሚጽፈው። ሁልጊዜ ስለ ራሱ በሚነግረን ቀልድ ይጀምርና ሳታውቁት ፊዚክስ ውስጥ ትገባላችሁ።

ሌሎቹ ሲዘጉ እንዴት ተረፈች?

ይሄን ለመረዳት የመጽሔት ንግድ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማወቅ ይጠይቃል። አሳታሚው አሳትሞ ለአከፋፋይ ይሰጣል። አከፋፋዩ ለሱቅ ይበትናል። ያልተሸጠው ተመላሽ ነው። ተመላሽ ደግሞ በአሜሪካ መጽሔቱ ራሱ አይመለስም፤ ሽፋኑ ተቀድዶ እሱ ብቻ ይላካል፣ ቀሪው ይወገዳል። ገንዘቡ ከወራት በኋላ ይመጣል። ለወረቀቱና ለማተሚያ ቤቱ ግን አስቀድመህ ከፍለሃል። እዚህም ጋዜጣ ያሳተመ ሰው ይሄን ሲያነብ ራሱን እንደሚነቀንቅ አውቃለሁ።

በ1957 የአሜሪካ ትልቁ የመጽሔት አከፋፋይ ሥራውን አቆመ። ያኔ ብዙ የሳይንስ ልብወለድ መጽሔቶች አብረው ተንኮታኮቱ። ይቺ ግን ቆመች። በኋላም ቴሌቪዥን መጣ፣ የኪስ መጻሕፍት በዙ፣ የጋዜጣ ሱቆች ቀነሱ።

የተረፈችው ወጪዋ ትንሽ ስለነበር ነው ብዬ ነው የማምነው። የቢሮ ኪራይ የለም፣ ሠራተኛ ጥቂት ነው፣ ሥዕል የለም፣ ወረቀቱ ርካሽ ነው። ትልቅ ድርጅት ውስጥ ያለች መጽሔት ትርፏ ሲወርድ አለቃ ይዘጋታል። የፈርማን ቤት ውስጥ አለቃው ራሱ አንባቢው ነበር። የሚኖረውም የሱቅ ሽያጩን ተማምኖ አልነበረም፣ በደንበኛ ነው። የዓመት ክፍያውን አስቀድሞ የላከ ሰው ገንዘቡ ዛሬ አለ።

ደንበኛ ግን ፖስታ ነው፣ ፖስታ ደግሞ ዋጋው ይጨምራል። ከሚያዝያ 2009 ጀምሮ በየወሩ መውጣቷ ቀርቶ በየሁለት ወሩ፣ ገጿ በዝቶ ወፍራም ሆና መምጣት የጀመረችው ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው። ስድስት ጊዜ መላክ ከአሥራ አንድ ጊዜ ይረክሳል።

ከጸሐፊዎች ጋር ተጣልታ ታውቃለች?

እንዴታ። መጽሔት ሆኖ ያልተጣላ የለም። ታዋቂው የ1960ው ነው። ዴመን ናይት የመጻሕፍት ሐያሲዋ ነበር፣ ብዕሩ እንደ ምላጭ። የጁዲት ሜሪልን አንድ ልብወለድ ክፉኛ የሚተች ጽሑፍ አቀረበ። መጽሔቷ አላወጣም አለች። ናይት «እንግዲያውስ ደህና ሁኑ» ብሎ ሄደ። በኔ አስተያየት ልክ ነበር። ሐያሲ ቀጥረህ የሚተቸውን አንተ ከመረጥክለት የቀጠርከው አጨብጫቢ ነው።

ሽልማትስ?

በምርጥ መጽሔት ዘርፍ ስምንት ጊዜ የሁጎ ሽልማት ወስዳለች። ከ1958 እስከ 1960 በተከታታይ፣ በ1963፣ ከዚያ ከ1969 እስከ 1972። ዘርፉ ወደ አዘጋጅ ሲቀየር ኤድዋርድ ፈርማን ከ1981 እስከ 1983 ሦስት ጊዜ አገኘ። ጎርደን ቫን ጌልደር ደግሞ በ2007 እና በ2008።

ቫን ጌልደር ማነው? ሜርኩሪ ፕሬስስ የት ገባ?

ቫን ጌልደር ከ1997 ጀምሮ አዘጋጅ ነበር፤ ቀን ቀን አንድ ትልቅ የመጽሐፍ ማተሚያ ድርጅት ውስጥ እየሠራ። በ2000 መጨረሻ መጽሔቷን ከፈርማን ገዛት። የሜርኩሪ ፕሬስ ዘመን እዚያ ላይ አበቃ። እሱ ያቋቋመው ድርጅት «ስፒሎጌል» ይባላል። ቃሉ የሳይንስ ስም ነው፤ ነጠብጣብ ያለባት፣ ስትቆጣ መጥፎ ሽታ የምትረጭ ትንሽ የአሜሪካ አውሬ አለች፣ የሷ። ድርጅቱን በእንዲህ ዓይነት ፍጡር የሰየመ ሰው ራሱን ከሚገባው በላይ እንደማያከብር ይገባችኋል።

እሱም ከሆቦከን፣ ኒው ጀርሲ፣ ያችኑ ትንሽ ሥራ በትንሽ ቤት ቀጠለ። የሱ የእምቢታ ደብዳቤዎች በጸሐፊዎች ዘንድ ዝነኛ ናቸው። አጭር፣ ጨዋ፣ ውስጡም «ምን ያደርጋል» ዓይነት የሐዘን ቃል የማትጠፋበት። ጸሐፊዎቹ ያቺን ቃል መቁጠር ጀመሩ፤ ስንት ጊዜ ደርሶሃል እየተባባሉ።

በ2015 ቻርልስ ኮልማን ፊንሌይ አዘጋጅነቱን ተረከበ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ሺሪ ረኔ ቶማስ፣ ከሜምፊስ፣ ቴነሲ። በመጽሔቷ ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር አዘጋጅ ናት። ከዚያ በፊት የአፍሪካ ዝርያ ያላቸውን ጸሐፊዎች ያሰባሰበ መድብል በማዘጋጀት ትታወቅ ነበር።

ከኢትዮጵያ ሆኖ የላከ ሰው ይቀበሉ ነበር?

ክልከላ አልነበረም፣ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ። ችግሩ ፖስታው ነበር። ለረጅም ዘመን የሚቀበሉት በወረቀት ብቻ ነው። በታይፕ፣ ሰፊ መስመር ተትቶ፣ በውስጡ የራስህን አድራሻ የጻፍክበት ሌላ ፖስታ ከነቴምብሩ ተጨምሮ። ያን ካልጨመርክ መልስ የለም። የአሜሪካ ቴምብር ደግሞ ከውጭ ያለ ሰው ከየት ያመጣል? ለዚህ «ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን» የሚባል ወረቀት ነበረ። ላኪው ባገሩ ፖስታ ቤት ገዝቶ ይልካል፣ ተቀባዩ በራሱ አገር በቴምብር ይለውጠዋል። የኩፖኑ፣ የመላኪያው፣ የወረቀቱ ወጪ ተደምሮ አንድ «እምቢ» ለመቀበል ስንት ብር እንደሚወጣ አስሉት።

በኢንተርኔት መቀበል የተጀመረው በፊንሌይ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ከሌላው ዓለም የሚላከው በግልጽ በዛ።

ከኛ ጋር የሚያመሳስላት ነገር አለ እንግዲህ ካላችሁ፣ በተከታታይ የሚወጣ ልብወለድ ነው። እኛም በመጽሔት «ይቀጥላል» የሚል ቃል እያነበብን፣ በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ትረካ ቀጣዩን ሳምንት እየጠበቅን ነው ያደግነው። የኪንግን ታሪክ ከ1978 እስከ 1981 የጠበቁትን አንባቢዎች ስሜት ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልገኝም።

አሁን የማን ናት?

ከ2023 በኋላ አወጣጧ ተዛንፎ ነበር። በ2024 የወጡት ዕትሞች ጥቂት ናቸው፤ ደንበኞች «ሞተች እንዴ?» ማለት ጀምረው ነበር። በ2025 ቫን ጌልደር ለአዲስ አሳታሚ ሸጣት። ያው አሳታሚ በአንድ ጊዜ «አናሎግ» የተባለችውን የሳይንስ ልብወለድ መጽሔት፣ በአሲሞቭ ስም የምትጠራዋን፣ በአልፍሬድ ሂችኮክ ስም የምትጠራዋን የወንጀል ልብወለድ መጽሔትና አንዲት ሌላ አብሮ ገዛ።

አንዲቷ ኤለሪ ኩዊን ናት። ስፒቫክ በ1941 የጀመራት፣ ፈርማን በ1950ዎቹ መጨረሻ የሸጣት። ታላቅና ታናሽ ከስድሳ ምናምን ዓመት በኋላ ተመልሰው አንድ ቤት ገቡ።